ለአባትና ለእናት ሜዲኬር ማስመዝገብ፦ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ የሰሩም ያልሰሩም

ማህሌት_ዲኤምቪ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምታውቁ እስቲ እርዱኝ። አባቴና እናቴ እኔ ጋ ነው ሚኖሩት፣ ግሪን ካርድ ይዘው የመጡት በ2015 ነው፣ እስካሁን ሲቲዝን አልሆኑም። አባቴ ከመጣ ጀምሮ ፓርኪንግ ነው ሚሰራው፣ ታክሱን በየአመቱ ያስገባል፣ ከስራ ቦታው ግን ኢንሹራንስ የለውም። በሚቀጥለው ጃንዋሪ 1፣ 65 ይሞላዋል። እናቴ ደሞ 67 ናት፣ እዚህ አገር ተቀጥራ አታውቅም፣ ልጆቼን ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ኢንሹራንስ የላትም፣ ለስኳሯና ለደም ግፊቷ ኮሚዩኒቲ ክሊኒክ እንደ አቅሟ እየከፈለች ነው ምትታየው። 65 ለሞላው ሰው ስለሚሆነው የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ፣ ስለ ሜዲኬር፣ ላንብብ ብዬ ስቀመጥ ፓርት ኤ ፓርት ቢ ፓርት ሲ ፓርት ዲ ይላል፣ ሜዲጋፕ ሚባል ሌላ ይመጣል፣ ሜዲኬይድ ደሞ ሌላ፣ የቱ ለማን እንደሆነ ግራ ገባኝ። በዛ ላይ በየቀኑ ይደወላል፣ ጥርስ በነጻ፣ መነጽር በነጻ፣ ካርድ ቁጥሩን ስጪን። አባቴ መቼ ነው መመዝገብ ያለበት? እናቴስ ሰርታ ስለማታውቅ አይገባትም ማለት ነው?

ቤቲ_ሚኒሶታ
እኔም ይሄው ጥያቄ አለኝ፣ የኔ እናት ግን ከመጣች ገና ሁለት አመቷ ነው፣ 70 አልፋለች። መልስ ስትሰጡ የኛንም አይነት አትርሱ እባካችሁ።

ሄለን_ሶሻልወርከር
ማህሌትዬ ሰላም። ሆስፒታል ውስጥ ሶሻል ወርከር ነኝ፣ ቀድሞ ማለቅ የነበረበትን ወረቀት እናት ወይ አባት ከተኙ በኋላ አልጋቸው አጠገብ ስንሞላ ስለማይ ይሄ ጉዳይ ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ፊደሎቹን እናጥራ። ፓርት ኤ ሆስፒታል ሲተኛ ነው። ፓርት ቢ ተመላላሽ ህክምና ነው፣ ዶክተሩ፣ ላብራቶሪው፣ ራጁ፣ አምቡላንሱ። ፓርት ዲ ከፋርማሲ ሚገዛ መድሃኒት ነው። ፓርት ሲ ወይም አድቫንቴጅ ሚሉት የነዚህ መውሰጃ ሌላ መንገድ ነው፣ መንግስት ለግል ኢንሹራንስ ኩባንያ ይከፍልና ኩባንያው ኤንና ቢን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲንም፣ ጠቅልሎ ይሰጣል፣ ግን በራሱ ኔትወርክና በራሱ ህግ። ሜዲጋፕ ደሞ ኦሪጅናሉን ሜዲኬር፣ ማለትም በቀጥታ ከመንግስት ሚገኘውን ኤና ቢ፣ ይዘሽ እሱ ማይከፍለውን ቀሪ ሚሸፍንልሽ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ነው። ሜዲኬይድ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፣ በስቴት ነው ሚተዳደረው፣ ገቢና ንብረት ያያል።

አሁን አባትሽ። ዋናው ጥያቄ 40 ክሬዲት አለው ወይ ነው፣ ማለትም አስር አመት ያህል ታክስ የተከፈለበት ስራ። በአመት ማግኘት ሚቻለው ቢበዛ 4 ክሬዲት ነው። ከ2015 ጀምሮ ሳያቋርጥ ከሰራ ሞልቶለታል ወይም ሊሞላለት ነው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ድረገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ ቁጥሩን በአይናችሁ እዩት፣ በግምት አትሂዱ። ከሞላ ፓርት ኤ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ካልሞላ ግን ዘንድሮ በ2026 ሙሉው የፓርት ኤ ክፍያ በወር 565 ዶላር ነው፣ ከ30 እስከ 39 ክሬዲት ላለው 311 ዶላር። ፓርት ቢ ሁሉም ሰው ይከፍላል፣ መደበኛው በወር 202.90 ዶላር ነው።

ቀኑን ደሞ ልብ በይ። መመዝገቢያው ሰባት ወር ነው፣ 65 ከሚሞላበት ወር ሦስት ወር በፊት፣ ወሩ ራሱ፣ ከዛ ሦስት ወር በኋላ። የኛ ሰው ወረቀት ላይ ልደቱ ጃንዋሪ 1 የሆነው ብዙ ነው አይደል? ልደቱ የወሩ የመጀመሪያ ቀን ላይ ለዋለ ሰው ሜዲኬር አንድ ወር ወደኋላ ይቆጥራል። ስለዚህ የአባትሽ ሜዲኬር ሚጀምረው ዲሴምበር 1 ነው፣ ሰባቱ ወር ደሞ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ማርች 31 ነው። እስከ ኤፕሪል ጊዜ አለኝ ብሎ ሚጠብቅ ሰው ያልፈዋል። ዲሴምበር 1 እንዲጀምርለት ኖቬምበር ሳያልቅ ይመዝገብ።

እናትሽ ይገባታል እንጂ! ባል 40 ክሬዲት ካለው ሚስት በሱ ስራ ፓርት ኤን ያለ ክፍያ ታገኛለች። ሚፈለገው እሷ 65 መሙላቷ፣ እሱ 62 ማለፉ፣ በጋብቻ ቢያንስ አንድ አመት መቆየታቸው ነው። እሱ ጡረታ እስኪወጣ ወይ 65 እስኪሞላው መጠበቅ የለባትም። አገር ቤት የተጋቡበትን ወረቀት ከነትርጉሙ ፈልጉ።

ማህሌት_ዲኤምቪ
እግዚአብሄር ይስጥልኝ የኔ እህት!! የእናቴን ነገር ማንም እንዲህ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም። ለፓርት ቢስ? 65 ካለፋት ሁለት አመት ሆኗታል፣ ቅጣት አለው ሲባል ሰምቻለሁ።

ሄለን_ሶሻልወርከር
አለው። ፓርት ቢን መውሰድ ስትችል ላልወሰደችበት ለያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ይጨመርባታል፣ እሷ ላይ 20 በመቶ ይሆናል ማለት ነው፣ በወር ወደ 40 ዶላር፣ እሱም ፓርት ቢ እስካላት ድረስ ማይነሳ። በራሷ ስትመዘገብ ደሞ ጊዜው በየአመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ነው፣ ከተመዘገበችበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር ይጀምርላታል።

ግን ሌላ መንገድ አለ። ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም ሚባል አለ፣ በስቴቱ ሜዲኬይድ ቢሮ በኩል ነው ሚጠየቀው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ስቴቱ የፓርት ቢውን ክፍያ ይከፍላል፣ ኪውኤምቢ ሚባለው ዋናው አይነት ደሞ ዲደክተብሉንም፣ ማለትም ሜዲኬር መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ ሚከፈለውን፣ ፓርት ቢ ለታካሚው ሚተወውን ሀያ በመቶም ይሸፍናል፣ ለሚያስፈልገው ሰው የፓርት ኤውን 565 ዶላር ሳይቀር። እዛ ከገባች ስቴቱ ራሱ ነው ሚያስመዘግባት፣ ጃንዋሪን አትጠብቅም፣ ቅጣቱም ይቀራል። ገቢ ሲያሰሉ ከደሞዝ ከግማሽ በላዩን አይቆጥሩትም፣ ስለዚህ አባቴ ስለሚሰራ አያልፉም ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳትተዪው። ወሰኑ በየስቴቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ ስቴት ንብረት ጭራሽ አያይም።

ኪውኤምቢ ያለው ሰው ላይ ሀኪም ቤት ቀሪ ሂሳብ ብሎ ቢል መላክ በህግ አይችልም። ቢል ከመጣ አትክፈሉ፣ ደውላችሁ ኪውኤምቢ ነው በሉ።

ጋሽ_ታፈሰ_ዳላስ
ልጄ ማህሌት፣ አባትሽን ሰላም በይልኝ። እኔ ሜዲኬር ላይ ከገባሁ ቆይቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ አባትሽ ይሄን ነገር እንደ ምጽዋት እንዳያየው። ከያንዳንዱ ቼኩ ላይ 1.45 በመቶ ለሜዲኬር ተቆርጧል፣ አሰሪውም ያንኑ ያህል ከፍሎለታል። ጆንሰን በ1965 ከፈረሙበት ጀምሮ ሲሰራ የኖረው ሰው ያዋጣው ገንዘብ ነው ሽማግሌውን ሚያሳክመው። የኛ ሰው የመንግስት ነገር ሲባል ይሸማቀቃል፣ ልጆቼን በኋላ ችግር ያመጣባቸዋል ብሎ ይፈራል። ሜዲኬር ሰርተህ ያገኘኸው መብትህ ነው።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ካርዱ ሲመጣ ቀይ ነጭ ሰማያዊ የወረቀት ካርድ ነው፣ አንድ መስመር ሆስፒታል ፓርት ኤ ይላል፣ አንዱ ሜዲካል ፓርት ቢ ይላል፣ ከጎናቸው ሚጀምሩበት ቀን አለ። ሁለቱም መስመር መኖሩን እዩ። አንዱ ብቻ ያለበትን ካርድ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው ሁሉም አለኝ ብለው ሚኖሩ አውቃለሁ።

ሹፌሩ_አሌክስ
ጋሼ እናመሰግናለን። እኔ ኡበር ነው ምሰራው፣ ከዛ በፊት ታክሲ፣ 61 አመቴ ነው። ከ20 አመት በላይ ስለሰራሁ 40ው ችግር የለውም ብዬ ነው ማስበው፣ ልክ ነኝ?

በላይ_ታክስ
አሌክስ ወንድሜ እንደዛ እርግጠኛ አትሁን፣ አሁኑኑ እየው። ታክስ ስለምሰራ በተለይ ሹፌሮች ላይ ይሄን በብዛት ነው ማየው። የራሱ ስራ ያለው ሰው ክሬዲት ሚቆጠርለት ጠቅላላ ካስገባው ገንዘብ ላይ አይደለም፣ ወጪው ተቀንሶ ከቀረው የተጣራ ገቢ ላይ ነው። ቤንዚኑን፣ ማይሉን፣ ጥገናውን፣ ስልኩን ሁሉ ጽፈህ ትርፍህ 3 ሺህ ዶላር ነው ካልክ ለሶሻል ሴኩሪቲም ያ ሰው 3 ሺህ ዶላር የሰራ ሰው ነው። ዘንድሮ አንድ ክሬዲት 1,890 ዶላር ነው፣ አራቱን ለማግኘት የተጣራ 7,560 ዶላር ማሳየት አለብህ። ከ400 ዶላር በታች ካሳየህ ደሞ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱም የለም፣ በመደበኛው አቆጣጠር ክሬዲቱም የለም። 20 አመት ነድቶ 22 ክሬዲት ብቻ ያለው ሰው አጋጥሞኛል። ታክስ ሲሰራ ስንት ተመላሽ አገኛለሁ ብቻ ሳይሆን አራቱ ክሬዲት ሞልቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ህጋዊ ወጪ መቀነስ መብታችሁ ነው፣ ግን ሚያስከትለውን አውቃችሁ አድርጉት።

ሹፌሩ_አሌክስ
ኧረ ባክህ። አሁን ገብቼ አየሁት 31 ይላል። አመሰግናለሁ በላይ፣ 9 ቀርቶኛል ማለት ነው።

በላይ_ታክስ
ጊዜ አለህ። ከሁለት አመት ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ሚስትህም ስራ ካላት የሷንም እዩ፣ ቀድሞ 40 የሞላለት ለሌላው ይሆናል፣ 62 ማለፍ ያለበት ክሬዲቱ ያለው ሰው ነው።

ዮናስ_ኢንሹራንስ
ሰላም፣ ላይሰንስ ያለኝ የሜዲኬር ኤጀንት ነኝ፣ ከምሸጣቸው ኩባንያዎች ኮሚሽን እንደማገኝ በግልጽ ልናገር። አድቫንቴጅን ሰው ሁሉ ሲያጣጥለው እሰማለሁ፣ ግን ኦሪጅናል ሜዲኬር ብቻውን ሀያ በመቶውን ላንተ ይተዋል፣ እሱም ጣሪያ የለውም። ካንሰር ህክምና ላይ ሀያ በመቶ ቀልድ አይደለም። ሆስፒታል ስትገባ ደሞ ዘንድሮ የፓርት ኤ ዲደክተብል 1,736 ዶላር ነው፣ በአመት አንዴ ብቻ ሳይሆን በየህክምና ጊዜው ሊደገም ይችላል። ይሄን ሜዲጋፕ ይሸፍነዋል፣ ግን ሜዲጋፕ በየወሩ ተጨማሪ ክፍያ ነው፣ ፓርት ዲም ለብቻ ይገዛል። ጡረታው አነስተኛ የሆነ አባት ይሄን ሁሉ አይችልም። አድቫንቴጅ አብዛኛው ከፓርት ቢው ውጪ ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ በአመት ከኪስ ሚወጣውም ጣሪያ አለው፣ በኔትወርክ ውስጥ ዘንድሮ ከ9,250 ዶላር መብለጥ አይችልም። ሜዲኬይድም ሜዲኬርም ላላቸው የተለየ ፕላን አለ፣ ለነሱ በጣም ጥሩ ሚሆንበት ጊዜ አለ።

ጋሽ_ታፈሰ_ዳላስ
ዮናስ ልጄ፣ ያልከው ውሸት የለውም፣ ግን ቀሪውን ግማሽ እኔ ልንገራቸው። ባለቤቴ አድቫንቴጅ ውስጥ ነበረች፣ ጤነኛ እያለች ደስ ይላል፣ ጥርሷን አሰራች፣ መነጽር ገዛች። ታማ ስፔሻሊስት ሲያስፈልጋት ግን መጀመሪያ ፈቃድ ይምጣ፣ ቀጥሎ ይሄ ዶክተር ከኔትወርክ ወጥቷል፣ ኤምአርአይ ከማንሳቷ በፊት ፊዚዮቴራፒ ትሞክር፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ጊዜ ሄደ። ወደ ኦሪጅናሉ እንመልሳት ስንል መመለሱስ ይቻላል፣ ሜዲጋፑ ግን ያለባትን በሽታ አይቶ አልቀበልም አለ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ያለችው ውሳኔ ከባድ ናት ምለው።

ዮናስ_ኢንሹራንስ
እዚህ ላይ ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ሁላችሁም ይሄን ያዙልኝ። 65 ሞልቶህ ፓርት ቢህ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ስድስት ወር ውስጥ ማንኛውም ሜዲጋፕ ኩባንያ በህመም ምክንያት እምቢ ሊልህ ወይም ሊያስወድድብህ አይችልም። ስድስቱ ወር ካለፈ በአብዛኛው ስቴት ጤናህን ይመረምራሉ፣ እምቢም ይላሉ። ኒውዮርክ፣ ኮኔቲከት፣ ማሳቹሴትስና ሜይን ከዚህ የተሻለ ጥበቃ አላቸው። ሌላ ቦታ ያለ ሰው 65 ሲሞላ አድቫንቴጅ ከመረጠ ደሞ የመጀመሪያዎቹ 12 ወራት የመሞከሪያ ናቸው፣ በነሱ ውስጥ ወጥቶ ሜዲጋፕ ያለ ምርመራ መግዛት ይችላል። ከዛ በኋላ በየአመቱ ኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ፕላን መቀየር ይቻላል ሲባል ሜዲጋፕ ይቀበሉሃል ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ፕላን ስትመርጡ የዶክተሩን ስም፣ የሆስፒታሉን ስም፣ የመድሃኒቶቹን ስም ከነሚሊግራሙ ጽፋችሁ ኑ። ያን ሳይጠይቅ ሚያስፈርም ኤጀንት ካጋጠማችሁ ተነሱና ሂዱ።

ማህሌት_ዲኤምቪ
ለስልኩ ነገር ምን ላድርግ? እናቴ ስልክ ታነሳለች፣ እንግሊዝኛ ባይገባትም የስ የስ ትላለች።

ዮናስ_ኢንሹራንስ
ሳይጠየቅ ደውሎ ፕላን መሸጥ በሜዲኬር ህግ ክልክል ነው። ሜዲኬር ራሱም ሳትጠሩት ደውሎ ካርድ ቁጥር አይጠይቅም። የጉልበት ማሰሪያ በነጻ እንልካለን ብሎ ቁጥር የሚወስድ ሰው ቁጥሩን ይዞ ለመንግስት ሀሰተኛ ቢል ነው ሚልክበት። እናትሽን በአማርኛ አንድ ነገር ብቻ አስለምጃት፣ ካርዱን ጠይቆ የደወለ ሰው ስልክ ይዘጋበታል፣ ነውር አይደለም።

ሄለን_ሶሻልወርከር
ኮሚሽን የሌለበት ምክር ከፈለጋችሁ ደሞ በየስቴቱ ሺፕ ሚባል አገልግሎት አለ፣ አማካሪዎቹ ምንም አይሸጡም፣ አገልግሎቱ ነጻ ነው። የሜዲኬር የራሱ ስልክ 1-800-633-4227 ነው፣ አማርኛ ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮም እንደዛው ነው። እባካችሁ የ12 አመት ልጅ ለአያቱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፣ ዲደክተብል ምን እንደሆነ ህጻን አያውቅም፣ አያትም ማህጸኗን ወይ ሽንቷን ለልጅ ልጇ ማውራት ታፍራለች።

የመድሃኒቱንም ልንገርሽ ማህሌት ምክንያቱም እናትሽ ስኳር አለባት ብለሻል። ፓርት ዲ ላይ ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም፣ ጠቅላላ ለተሸፈነ መድሃኒት ከኪስ ሚወጣው ደሞ ዘንድሮ በአመት 2,100 ዶላር ላይ ይቆማል። ሜዲኬር ሴቪንግስ ውስጥ የገባ ሰው ኤክስትራ ሄልፕ ሚባለውን የመድሃኒት ድጎማ ሳያመለክት ያገኛል። መድሃኒት አልወስድም ብሎ ፓርት ዲን መተውም ያስቀጣል፣ በወር 1 በመቶ እየተቆጠረ።

ሰናይት_ነርስ
ሄለን ስለ ኦብዘርቬሽን ንገሪያቸው እንጂ።

ሄለን_ሶሻልወርከር
አዎ! እናት ወይ አባት ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አድረው፣ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው፣ ወረቀት ላይ ግን ኢንፔሸንት (በይፋ የተኛ ታካሚ) ሳይሆን ኦብዘርቬሽን (ለክትትል ብቻ የቆየ) ሊሆኑ ይችላሉ። ለአይን ምንም ልዩነት የለውም፣ ያው ክፍል ያው ነርስ ነው። በሂሳብ ግን እንደ ተመላላሽ ታካሚ በፓርት ቢ ይቆጠራል። ከዛ ለማገገም ነርሲንግ ፋሲሊቲ ሲላኩ ኦሪጅናል ሜዲኬር ሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን ኢንፔሸንት ሆኖ ለተኛ ሰው ነው፣ ስለዚህ ቢሉ ቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ከ24 ሰአት በላይ ኦብዘርቬሽን ከሆኑ ሆስፒታሉ ወረቀት ሰጥቶ ማስፈረም አለበት። ያንን ወረቀት ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። እናቴ ኢንፔሸንት ናት ወይስ ኦብዘርቬሽን ብላችሁ በየቀኑ ጠይቁ፣ ዶክተሩን በትህትና አናግሩት፣ መጠየቅ አያስቆጣቸውም።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለዘለቄታው መኖርን፣ ቤት ውስጥ ማጠብና ማልበስን ብቻውን ሜዲኬር አይከፍልም። ያ የሜዲኬይድ ስራ ነው፣ ለሚያሟላ ሰው።

ቤቲ_ሚኒሶታ
እኛስ? አዲስ ለመጣች እናት ምን አለ?

ሄለን_ሶሻልወርከር
ቤቲዬ አልረሳሁሽም። በራሱም በትዳር ጓደኛውም ክሬዲት የሌለው ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሜዲኬር ለመግዛት 65 ከመሙላቱ ሌላ እዚህ አገር 5 አመት ሳያቋርጥ መኖር አለበት። የልጅ ስራ ለእናት አይቆጠርም፣ ምንም ያህል ታክስ ብትከፍዪ። አምስቱ አመት እንደሞላ ወዲያው ታመልክት፣ 65 ካለፋት ቆየ ብላችሁ ጊዜ የላትም እንዳትሉ፣ የሷ የመመዝገቢያ ጊዜ ሚቆጠረው መጀመሪያ መስፈርቱን ካሟላችበት ወር ነው። ያንን ካሳለፈች ግን ቅጣቱ እሷም ጋ ይመጣል። ሳያቋርጥ ሚለው ቃል ከባድ ነው፣ አገር ቤት ሄዳ ረጅም ጊዜ መቆየት ጥያቄ ያስነሳል።

ያኔ ፓርት ቢን ብቻ በ200 ዶላር አካባቢ ልትገዛ ትችላለች። ግን ፓርት ኤ የሌለው ሰው አድቫንቴጅም ሜዲጋፕም አይገዛም፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሚመጣው ቢልም አይሸፈንለትም። ለዚህ ነው ኪውኤምቢ ለእንደዚህ አይነት እናቶች ወሳኝ የሆነው።

አሁን ላሉት ሦስት አመታት ደሞ፣ ማርኬትፕሌስ ላይ፣ ሰው ኦባማኬር ሚለው፣ ግሪን ካርድ ያላት እናት መግዛት ትችላለች፣ ፓርት ኤ በነጻ እስካልደረሳት ድረስ 65 ማለፏ አይከለክላትም። ድጎማው ላይ ግን በታክስ ስታስገቢያት ከናንተ ቤተሰብ ጋር ነው ገቢዋ ሚታየው። ለብቻዋ ታክስ ምታስገባና ገቢዋ ከድህነት መስመር በታች የሆነ አዲስ መጤ በፊት ድጎማ ያገኝ ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ ግን ያ ቀርቷል። የፌዴራል ሜዲኬይድም ከ1996ቱ ህግ ጀምሮ ለአብዛኛው አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ አምስት አመት ያስጠብቃል፣ ድንገተኛ ህመም ላይ ግን ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድ አለ። ትርፍ የሌላቸው ሆስፒታሎች ደሞ በህግ የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ ሊኖራቸው ግድ ነው፣ ቢል ሲመጣ ከመክፈል በፊት ፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም ብላችሁ ጠይቁ።

ቤቲ_ሚኒሶታ
እኔ ስፖንሰር ስለሆንኩ የኔ ገቢ ይቆጠርባታል ይባላል፣ እውነት ነው?

ሄለን_ሶሻልወርከር
እንደ ስቴቱና እንደ ፕሮግራሙ ይቆጠራል፣ ሲቲዝን እስክትሆን ወይም 40 ክሬዲት እስኪሞላላት ድረስ። በትዳር ላይ እያሉ ባል የሰራውም ለሷ ይቆጠራል። ለሜዲኬር ራሱ ግን ገቢሽ ምንም አያገባውም፣ ይሄ ሚመጣው ሜዲኬይድና ሜዲኬር ሴቪንግስ ላይ ነው። ከቻለች ሲቲዝንሺፑን ጊዜው እንደደረሰ ታስገባ።

ጋሽ_ታፈሰ_ዳላስ
አገር ቤት የሚሄዱትን በተመለከተ አንድ ቃል። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጪ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር አይከፍልም፣ አዲስ አበባ ብትታመም በኪስህ ነህ። ብዙ ሰው ታድያ ለሁለት ለሦስት አመት እዛ ልኑር ሲል ፓርት ቢን ይሰርዘዋል፣ ሲመለስ ቅጣቱ ይጠብቀዋል፣ መመዝገቢያ ጊዜም ጃንዋሪን መጠበቅ ሊሆን ይችላል። አስልታችሁ አድርጉት።

ሰናይት_ነርስ
ስራ ላይ ያላችሁ ደሞ፣ ያንተ ወይ የባለቤትህ መስሪያ ቤት 20 እና ከዛ በላይ ሰራተኛ ካለውና በሱ ኢንሹራንስ ከተሸፈንክ ፓርት ቢን ያለ ቅጣት ማቆየት ትችላለህ፣ ስራው ወይ ኢንሹራንሱ ካበቃ ስምንት ወር አለህ። ኮብራ፣ ማለትም ስራ ከለቀቁ በኋላ በራስ ክፍያ ሚቀጥለው የመስሪያ ቤት ኢንሹራንስ፣ እና ማርኬትፕሌስ ግን አይቆጠሩም። ኮብራ ላይ ሆኖ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ጊዜው ያለፈበት ታካሚ ብዙ ነው ማየው። ኤችኤስኤ (ከታክስ ነጻ የህክምና ቁጠባ) ምታስገቡም ለሜዲኬር ከማመልከታችሁ ስድስት ወር አስቀድማችሁ አቁሙ።

ተስፋ_አትላንታ
እኔ የተለየ ጥያቄ አለኝ። አባቴ በአሳይለም (በጥገኝነት) ነው ያለው፣ ግሪን ካርድ አላስገባም ነበር፣ 40 ክሬዲት አለው፣ ሜዲኬርም ካገኘ ቆይቷል። ሰሞኑን ይቋረጣል የሚል ወሬ ሰማን፣ እውነት ነው ወይስ ፌስቡክ ላይ እንደሚወራው ነው?

ሄለን_ሶሻልወርከር
ተስፋ ወንድሜ እውነት ነው። በጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ህግ ሜዲኬርን ለሲቲዝን፣ ለግሪን ካርድ ያዥና ለሌሎች ጥቂት ቡድኖች ብቻ አደረገው። አሳይለም፣ ረፉጂና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ላይ ያለ ሰው 40 ክሬዲት ቢኖረውም አሁን አዲስ መግባት አይችልም፣ ውስጥ ያለው ደሞ ሁኔታውን ካልቀየረ እስከ ጃንዋሪ 4፣ 2027 ብቻ ነው። የፌዴራል ሜዲኬይዱም ለነዚሁ ሰዎች ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ ይጠብባል። ሰርቶ የከፈለ ሰው ላይ እንዲህ መደረጉ ይቆጨኛል፣ ግን ህጉ ይሄ ነው።

ስለዚህ አባትህ ግሪን ካርዱን ዛሬውኑ ያስገባ። አሳይለም ካገኘ አንድ አመት ያለፈው ሰው ማመልከት ይችላል። የራሱን ጉዳይ የሚያይ ጠበቃ ወይም ነጻ የህግ እርዳታ ሚሰጥ ድርጅት አማክሩ፣ ኖታሪ ነኝ ከሚል ሰው ጋር አትሂዱ።

ተስፋ_አትላንታ
አስገብተናል በቅርቡ፣ ሪሲት መጥቶልናል፣ ካርዱ ግን እስከ ጃንዋሪ ላይደርስ ይችላል።

ሄለን_ሶሻልወርከር
ሪሲቱ ግሪን ካርድ አይተካም፣ ግን አስቀምጡት። ካርዱ በመጣ ቀን ኮፒውን ይዛችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂዱና መረጃው እንዲስተካከል አድርጉ፣ በራሱ ይተላለፋል ብላችሁ አትጠብቁ። ከሶሻል ሴኩሪቲ ደብዳቤ ይመጣል፣ የአባትህን ፖስታ ሳጥን በየቀኑ እየው፣ እንግሊዝኛ ነው ብሎ መሳቢያ ውስጥ እንዳይከተው። ይቋረጣል ካለ ይግባኝ ለመጠየቅ 60 ቀን ነው ያለው። ለሚወስዳቸው መድሃኒቶችም ከዶክተሩ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ ልብ ወይ ኩላሊት ካለበት ቀጠሮዎቹን ከጃንዋሪ በፊት አስይዙለት። የትኛው ካውንቲ ናችሁ? በውስጥ ጻፍልኝ፣ እዛ አካባቢ ምን ክሊኒክ እንዳለ አይቼ እነግርሃለሁ።